ቤት የሌለው ጄኔራል

ለመሆኑ የእኛ የጦር መሪ ቤት አለው? ሚስት፣ ልጅ፣ አማት፣ ዕዳ፣ እንቅልፍ ያጣበት ሌሊት አለው? ትያትራችንን አይቶ፣ ታሪካዊ ልብ ወለዳችንን አንብቦ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥናችን የሚያቀርበውን ተመልክቶ ለሚፈርድ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ የለውም። የእኛ ጀግና ፈረስ ላይ ተወልዶ ፈረስ ላይ የሚሞት ፍጡር ነው። ሲናገር ይፎክራል፤ ዝም ሲል ሰማይ ሰማዩን ያያል። እራት ሲበላ አይተነው አናውቅም። ሚስቱ ብቅ ካለችም ሥራዋ ሁለት ነው፤ ሲዘምት እልል ማለትና ሲሞት ማልቀስ።

ይህን የምጽፈው ልማዱ ስለ ሰለቸኝ ብቻ አይደለም። “ስለ ጦር መሪዎቻችን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ይሠራልን” የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አገራችን ቴሌቪዥን ያቆመችው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድን የጦር መሪ ከአዝማችነቱ እስከ ጓዳው ድረስ የተከተለ፣ ሰው በየሳምንቱ ሥራውን ጥሎ የጠበቀው ድራማ ጥቀስ ብባል እኔ አንድም መጥራት አልችልም። ስለዚህ ገና ያልተሠራውን ድራማ ሳይሠራ ልሟገተው ተነሥቻለሁ። “ሳይወለድ ስም ማውጣት” ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ ስለማውቅ ነው የቸኮልኩት።

ተሟጋቾቼ ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ወገን “ጀግናን አታዋርዱ፤ ጓዳውን ዝጉ” ይላል። ሁለተኛው ወገን ጓዳውን በሰፊው ከፍቶ የፍቅር ገበያ ያቆምበታል። እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የጦሩ ሥራ አንድ ነገር፣ የቤቱ ኑሮ ሌላ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። እኔ የምቃወመው ይህንኑ እምነት ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ስለ ሱልጣን ሱለይማን የሠሩት ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየት ሲጀምር አገሩን በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ፤ ከቱርክም ወጥቶ ብዙ አገር አዳረሰ። ድራማው ሱልጣኑን በአብዛኛው የሚያሳየው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ፣ ከሑረምና ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ነበር። በ2012 የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርዶጋን በአደባባይ ተቆጡ። እኛ የምናውቀው ሱለይማን ይህ አይደለም፤ የእኛው 30 ዓመት በፈረስ ጀርባ ላይ ነው ያሳለፈው አሉ። የእኛም የጀግና ዘበኞች ይህን ንግግር ቢሰሙ “አበጀህ!” ብለው ያጨበጭባሉ።

እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሱለይማን የገዛ ልጁን ሙስጠፋን እ.ኤ.አ. በ1553 ያስገደለው የት ነበር? በሴቶቹ ክፍል ነው? አይደለም። ወደ ፋርስ በዘመተበት ጉዞ፣ ጦሩ በሰፈረበት ቦታ፣ በገዛ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ወታደሩ ይወደው የነበረው ልዑል አባቱን ሊሳለም ገብቶ ሬሳው ወጣ። እንግዲህ ይህ የጦር ታሪክ ነው ወይስ የቤት ታሪክ? ዙፋን የሚወርሰው ማን ነው የሚለው የእናቶች ፉክክር፣ የወታደሩ ማጉረምረም፣ የአባት ጥርጣሬ በአንዲት ድንኳን ውስጥ ነው የተገናኙት። ፈረሱን ብቻ ያየ ሰው ድንኳኑን አላየም፤ ድንኳኑን ያላየ ደግሞ ያንን መንግሥት አልተረዳም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልለፍ። እነዚህ አርአያ የሚያደርጉት የምዕራቡን ድራማ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1979 “አይክ” የተባለ ድራማ በተከታታይ ምሽቶች አሳይተው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምዕራባውያን ተባባሪ ጦር አዛዥ የነበረው የጄኔራል አይዘንሃወር ታሪክ ነው። ጄኔራሉን ሮበርት ዱቫል ሆኖ ይጫወታል፤ ሊ ሬሚክ ደግሞ መኪናውን ትነዳለት የነበረችውን ኬይ ሰመርስቢን። ሰመርስቢ ሁለት መጽሐፍ ነው የጻፈችው። በ1948 በወጣው በመጀመሪያው ጄኔራሉ አለቃዋ ብቻ ነው። ሁለተኛው የታተመው በ1975 ከሞተች በኋላ ሲሆን ግንኙነቱ ፍቅር እንደ ነበር ይናገራል። አንዳንዱ አመናት፣ ሌላው ካዳት። ድራማው ከዚህ ተወለደ፤ ሚሊዮን ሰው የሚያሰልፍ ሰው በአንዲት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ብቸኛ ሆኖ ታየ።

በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ለእነሱ ይስማማቸዋል። የአይዘንሃወር ቤትና ጦር በእርግጥ በውቅያኖስ ተለያይተው ነበር። ሚስቱ አሜሪካ፣ ጦሩ አውሮፓ። ስለዚህ የድራማው ጸሐፊ “የጦሩን ትዕይንት” እና “የልቡን ትዕይንት” እየቀያየረ ቢያሳይ ሐሰት አይሆንበትም። ጄኔራል ፓተንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በተሠራው ፊልም ጦርነቱን አይተን ጠገብን፤ በ1986 ያው ተዋናይ ጆርጅ ስኮት ለቴሌቪዥን ሲመለስ ግን ጄኔራሉ በመኪና አደጋ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ሚስቱም አጠገቡ ተቀምጣለች። ጦርነት አንድ ፊልም፣ ቤት ሌላ ፊልም።

የእኛዎቹ ይህን ቅርጽ ሳይለኩ መልበስ ይወዳሉ። አምስት ደቂቃ ጦርነት፣ አምስት ደቂቃ ፍቅር፣ በመካከሉ ዋሽንት። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ተመልሰው በየቤታችን የገቡት የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ደግሞ የፍቅሩን አምስት ደቂቃ ወደ ሃያ አሳድገውታል። ነገር ግን የእኛ የጦር መሪ ሚስቱን ትቶ አልዘመተም! የእኛ የጦር ሰፈር ከተማ ነበር። ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ቄሱ፣ እቴጌዋ፣ ሕፃኑ፣ እስረኛው ሁሉ አብሮ ይጓዛል። ስንቅ የሚያዘጋጀው የሴት እጅ ነው። ጋብቻው ራሱ የጦር ውል ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ በውቅያኖስ ከፍሎ “እዚህ ጦር፣ እዚያ ፍቅር” ማለት ከሰው ልብስ ለብሶ ሠርግ እንደ መሄድ ነው።

* * *

ማስረጃ አምጣ የሚለኝን ሰው ወደ ስሜን እወስደዋለሁ። ከደባርቅ ወዲያ፣ በጃናሞራ፣ ደረስጌ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠራት የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበረው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። በግንባታው ላይ የጀርመኑ የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እጅ አለበት። ውቤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሊጭን ያስብ ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አደረገና ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። አንዱ ለራሱ ባሠራው መቅደስ ሌላው ነገሠ።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍም ይነግረናል። ከዚህ በኋላ የመጣውን ግን እንደ ግርጌ ማስታወሻ ነው የምናልፈው። ድል አድራጊው የተሸናፊውን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ። አባቷን ያሰረ፣ ዘውዱን ከእጁ የነጠቀ ሰው ባሏ ሆነ። አባቷን ለማስፈታት ብላ ነው እሺ ያለችው የሚል ትውፊት አለ። በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ። የትዳሩ ኑሮ ግን እንደ ክረምት ደጋ ቀዝቃዛ ነበር። ስለ እሷ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ ወደ ክፍሏ ሲገባ መዝሙረ ዳዊት ትደግም ነበርና አልተነሣችለትም። ለምን ቢላት፣ ከአንተ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው አለችው ይባላል።

ልብ በሉ። ይህች ሴት ጠመንጃ አልያዘችም፤ ሽፍታ አላስነሣችም። ከመቀመጫዋ አለመነሣት ብቻ ነው ያደረገችው። ነገር ግን ያ መቀመጥ በደረስጌ ያላለቀው ጦርነት ነው። የስሜን መሳፍንት ቤት ለቋራው ልጅ “ነገሥህ እንጂ አልተቀበልንህም” ያለው በእሷ አፍ ነው። ይህን ትዕይንት “የፍቅር ክፍል” ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ምን እንደ ያዘ አያውቅም። “ለጀግናው ክብር” ሲል የሚሰርዘው ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል፤ የንጉሡን ከባድ ተቃዋሚ ከታሪኩ እያወጣ መሆኑን አያይም።

ከጥሩወርቅ በፊት ተዋበች ነበረች፤ የራስ ዓሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ። መነንና ዓሊ ለካሳ የሰጡት ሊያስሩት ነበር፤ ሽፍታን በጋብቻ መጥለፍ የቆየ ዘዴ ነው። ዘዴው ግን ተገለበጠ። ካሳ ቆስሎ በተኛ ጊዜ ሐኪሙ ለሕክምናው ላም ጠየቀ፤ ካሳ ወደ መነን ቢልክ የመጣለት ቁራጭ ሥጋ ነበር፤ ያን ጊዜ ከእሱ ይልቅ የተቆጣችው፣ እንዲሸፍትም የገፋፋችው ተዋበች ናት እየተባለ ይተረካል። ትረካው ተጨማምሮበት ይሆናል። በ1839 ዓ.ም. ካሳ መነንን መማረኩ፣ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ዓሊን ድል ማድረጉ፣ ተዋበችም በዚህ ሁሉ ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጋር መቆሟ ግን ትረካ አይደለም። የየጁን ቤት የጣለው የቋራ ጦር ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ከየጁ ቤት የወጣች ሴት ናት። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ባሏ ክፉኛ አዘነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቴዎድሮስ ከእሷ በፊት ካለው የሚለዩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ሁሉም ነገር በእሷ ሞት ተበላሸ የሚለውን ቀላል ሒሳብ አልቀበልም፤ ያገሩ አመፅ፣ የቤተ ክህነቱ የመሬት ጥያቄ፣ የወታደሩ ቀለብ ሁሉ ነበረበት። ነገር ግን ከንጉሡ አጠገብ “ተው” የሚል ሰው መጥፋቱ የቤት ወሬ አይደለም፤ የአገር ጉዳይ ነው።

ስለ ውቤም ልጨምር፤ እሱም በእኛ ድራማ ውስጥ የሚገባው ተሸናፊ ሆኖ ብቻ ነውና። በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ጦርነት ውቤ አሸንፎ ነበር። ራስ ዓሊ ሸሽቷል፤ ሜዳው የውቤ ነው። አሸናፊው ድንኳኑ ገብቶ ድሉን በመጠጥ ሲያከብር የዓሊ ወገኖች ደርሰው ከነድሉ ማረኩት። የአንድ ምሽት ጠጅ የኢትዮጵያን አልጋ አዘዋወረ ብል ማጋነን ይሆንብኛል? ያን ምሽት ውቤ ማርኮ ቢሆን ኖሮ ካሳ የሚባል ሽፍታ መንገዱ ሌላ ይሆን ነበር። እስቲ የትኛው ደራሲ ነው ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ክፍል የሚያገኘው? ይህንን ግን የጀግና ዘበኛው “ነውር ነው” ይለዋል፣ የፍቅር ነጋዴው ደግሞ “ሴት የለችበትም” ብሎ ይዘለዋል።

የስሜን ቤት እዚህ አያበቃም። የውቤ ወንድም ብጡል ኃይለ ማርያም ሴት ልጅ ነበረችው፤ ጣይቱ። የጥሩወርቅ የአጎት ልጅ ማለት ነው። ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገባች። በ1888 ዓ.ም. ከራሷ ጦር ጋር ዘመተች። በጥር ወር መቀሌ፣ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የገባውን የኢጣሊያ ጦር ያንበረከከው በመድፍ ብቻ አይደለም፤ ውሃው መቋረጡ ነው፣ ሐሳቡም የጣይቱ እንደ ነበር ይነገርላታል። ውሃ ከየት እንደሚቀዳና በቀን ስንት እንስራ እንደሚበቃ የሚያውቅ ማን ነው? ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነው። የጓዳ ዕውቀት የጦር ስልት ሆነ። ሁለት የአጎት ልጆች፣ ሁለት የጦር መሪዎች፣ ሁለት ትዳሮች። አንደኛዋ ባሏን በዝምታ ተዋጋችው፤ ሁለተኛዋ ከባሏ ጎን ተዋጋች። ይህ ከአንድ ቤት የወጣ ታሪክ በማንኛውም አገር ቢሆን ድራማው ዛሬ ያረጀ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተሠራ በሆነ ነበር።

* * *

አሁን ደግሞ ከታሪኩ ወደ ቦታው ልምጣ፤ የተቆጣሁት እዚህ ላይ ነውና።

ስሜንን ቴሌቪዥን ላይ ያያችሁ ሁሉ ምን እንዳያችሁ አውቃለሁ። ገደል፣ ጉም፣ ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣው ራስ ዳሸን። እንስሳቱን እወዳቸዋለሁ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌላቸው ናቸው። ግን ሰውስ? አንድ ቀን ደባርቅ ሻይ ቤት ተቀምጬ እንዲህ ያለ የጉብኝት ፊልም ይታይ ነበር። ተራኪው “የሰው እጅ ያልነካው” ሲል አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አባቴ፣ አገሩን ያውቁታል?” አልኳቸው።

“ያ ዋልያው የቆመበት ጀርባ ጊች ነው” አሉኝ። “ቤቴ ነበር፣ ልጄ። አሁን ሥዕል ሆነ።”

ጊች ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በፓርኩ ልብ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። ገብስ የሚታረስበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ አዛን የሚሰማበት መንደር። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። የጊች ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ዋልያው መኖር አለበት፤ ለዋልያው መኖር መሬቱ ማረፍ ነበረበት የሚለውን ክርክር አላጣጥልም። የምለው ሌላ ነው። መንደሩን ከተራራው ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ከትዝታ ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ካሜራው “ሰው ያልነካው” ሲል ሁለተኛውን እየፈጸመ ነው።

“ይህ ከጄኔራል ድራማ ጋር ምን አገናኘው?” ትሉኝ ይሆናል። ይገናኛል። ተራራውን ያለ ቤት የሚያሳየን ዓይንና ጀግናውን ያለ ቤት የሚያሳየን ዓይን አንድ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ፖስት ካርድ ነው። ተራራ ላይ ጎጆ ካለ ፖስት ካርዱ ይበላሻል፤ ጀግና ቤት ውስጥ የምትከራከር ሚስት ካለች ሐውልቱ ይበላሻል። በዚህ መሐል የሚጠፋው ሰው ነው። የደባርቅና የዳባት ልጅ በቴሌቪዥን አገሩን ሲያይ ዝንጀሮ ብቻ ያያል። የሚኖርበት አገር አንድ ንጉሠ ነገሥት የነገሠበት፣ ሁለት እቴጌዎች የተገኙበት፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦሩን ይዞ ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የኢጣሊያን ታንክ የገጠመበት፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ወልቀፊት ላይ እጁን የሰጠበት መሆኑን ማን ይንገረው? ከጎረቤቱ ሽማግሌ ካልሰማ በቀር የሚሰማበት የለም። ሽማግሌው ደግሞ ዘላለም አይኖሩም።

* * *

ሦስት መልሶች እንደሚመጡብኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው “ማስረጃ የለም” የሚለው ነው። ውሸት ነው። የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል በገዛ አማርኛችን የጻፉ ሰዎች አሉ፤ አለቃ ዘነብ አለ፣ አለቃ ወልደ ማርያም አለ። በመቅደላ ታስረው የነበሩት እንደ ራሳምና እንደ ዶክተር ብላንክ ያሉ ሰዎች የጻፉት አለ፤ ከእሥር የወጣ ሰው ስለ አሳሪው ሲጽፍ ብዕሩ እንደሚያዘነብል እያወቅን ማንበብ ነው። በ1928ቱ ጦርነት ላይ የራስ እምሩ “ካየሁት ከማስታውሰው” እና የሐዲስ ዓለማየሁ “ትዝታ” አሉ፤ ሁለቱም በቦታው ነበሩ። ደራሲዎቻችንም መንገድ ጠርገዋል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. በትያትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958፣ አቤ ጉበኛ በ1961 በልብ ወለድ ቴዎድሮስን ጽፈውታል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም መድረክ ላይ አውጥቶታል። የጎደለን ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱን ለሳሎን ቤት ተመልካች የሚያበስል ደራሲ ነው።

ሁለተኛው “ገንዘብ የለም” የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ይስቀኛል። ገንዘብ የሚጠይቀው ፈረሱ ነው! መድፉ፣ ሺው ወታደር፣ ጋሻው፣ የአንበሳ ለምዱ ነው። ድንኳን፣ አንዲት ሴት፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በር ላይ የቆመ ንጉሥ ስንት ያወጣሉ? ቴሌቪዥን ጠባብ መስኮት ናት፤ አሥር ሺህ ፈረሰኛ ስታሳይ ጉንዳን ታስመስለዋለች፤ አንድ ፊት ስታሳይ ግን ከመድረክ ትበልጣለች። ድሀ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጦርነቱን በእግር ጉዞ ከሚያስመስል ይልቅ ጦርነቱ የተወሰነበትን ክፍል ቢያሳየን ወጪውም ይቀንስለታል፣ እውነቱም ይቀርበዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ “የሰው ገመና አይወጣም” የሚለው ነው። ይህን በንቀት አላልፈውም። ባህላችን ገመና ሸፋኝ ነው፤ ጥሩ ባህል ነው። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ዘርም አለው። ስለዚህ ወሰን ያስፈልጋል። የእኔ ወሰን ይህ ነው፦ የቤቱ ነገር በአዝማችነቱ ላይ ለውጥ ካመጣ ይታይ፤ ካላመጣ ይሸፈን። የጥሩወርቅ አለመነሣት ይታይ። የውቤ ጠጅ ይታይ። ንጉሡ በኋላ ከይተመኙ ጋር የነበረው ግንኙነት በእቴጌዋ ክብርና በመኳንንቱ ዘንድ ያመጣው ነገር ካለ እሱ ይታይ፤ አልጋው ግን አይታይ። ሌላም ግዴታ አለ። ደራሲው የፈጠረውን ንግግር የታሪክ ቃል አስመስሎ አያቅርብ፤ ትውፊት የሆነውን ትውፊት ይበል። ጋዜጠኝነት በተማርኩበት ክፍል “ማን አለ?” ብለህ ሳትጠይቅ አትጻፍ ተብለናል፤ ለድራማ ጸሐፊም ይሠራል።

ገመና ሸፋኞቹን ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቃቸው። የተሸፈነው የማን ገመና ነው? ንጉሡ ሞቶም ስም አለው፤ መንገድ አለው፣ አደባባይ አለው፣ ሴባስቶፖል መድፉ ሐውልት ቆሞለታል። ጥሩወርቅስ? ባሏ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ሲገድል እሷ ሕፃኗን ይዛ በእንግሊዝ ጦር መካከል ቀረች። ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ስትጓዝ ታመመች፤ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ አረፈች፣ ጨለቆት ተቀበረች። የሰባት ዓመት ልጇ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዛሬም ዊንድሰር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አፅሙ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 አፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እንደገና ሲቀርብ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎችን መቃብሮች ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልተቀበለውም።

ሁላችንም “ዓለማየሁ ይመለስ” እንላለን፤ እኔም እላለሁ። ግን ወደየት ነው የሚመለሰው? ወደ አባቱ ብቻ? እናቱን የምናውቃት ስንቶቻችን ነን? የልጁን አፅም ከዊንድሰር የምንጠይቅ ሰዎች የእናቱን ስም ከገዛ ትያትራችን አውጥተናል። እንግሊዞቹ ልጁን ከእናቱ መቃብር የለዩት አንድ ጊዜ ነው፤ እኛ ታሪኩን በተረክን ቁጥር እንለያቸዋለን።

ስለዚህ ለደራሲዎች፣ ለአዘጋጆች፣ ገንዘብ ለሚያወጡ ድርጅቶች የምለው አጭር ነው። ስለ ጦር መሪዎቻችን ድራማ ሥሩልን። ስትሠሩት ካሜራችሁን ከደረስጌ ጀምሩ። ፈረሱን ውጭ እሰሩትና ወደ ድንኳኑ ግቡ። ጥሩወርቅን ቁጭ ብላ ታገኟታላችሁ። እንድትነሣ አታስገድዷት፤ የምትለውን አስጨርሷት።